በሻምበል ላይ የቀረቡ ሦስት ክሶች

ብሬመን፣ ጀርመን
መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ወንድም ለአቶ ቀጄላ፤ አሶሳ

አጎቴ፣ የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከአክስቴ ከጠጂቱ ጋር ይሁን። አዲሱ ዓመት ቤታችሁን በጤና ይሙላው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም አግኝቻለሁ።

ጆሮዎ ስልክ አልቀበልም ካለ ወዲህ መጻፍ ግድ ሆኗል። እኔ በኢሜይል የምልከውን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው አማል አትማ ትሰጥዎታለች፤ እርስዎ በእጅዎ የጻፉትን ደግሞ ስካን አድርጋ ትልክልኛለች። ሃያ ስምንት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ይዞ የኖረ ሰው ደብዳቤ ይከብደዋል ብዬ አልሰጋም።

የምሠራው መኪና ማጠቢያ ቤት ነው። የእኔ ድርሻ የውስጡ ጽዳት ሲሆን ከሁሉ ይበልጥ የማወጣው የውሻ ፀጉር ነው። እዚህ ውሻ መኪና ውስጥ ቀበቶ ታስሮለት ይሄዳል። ይህንን ሳይ ውሻዬ ሻምበል ትዝ ይለኛል። እርስዎ ዘንድ የተውኳት መኪና ውስጥ እንዳይገባብዎት ይጠንቀቁ፤ ሹፌር በነበርኩበት ጊዜ አብሬው እየዞርኩ አበላሽቼዋለሁ፣ ጋቢና ከአባቱ የወረሰው ይመስለዋል።

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። የባምባሲውን የአቶ ለሜሳን ልጅ ሐዊን ያውቋታል፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ናት። ባምባሲ በተመላለስኩ ቁጥር እዚያ እቆም ነበር። ራሴን ሳያመኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የራስ ምታት መድኃኒት ገዝቻለሁ፤ ሌላ ነገር ግን አንድ ቀን አልተናገርኳትም። አሁን አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ይላኩልኝ። ስልኳ አለኝ፤ ነገር ግን ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ልጁ በጎን ቢደውል ሽማግሌውን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር መልሱ እስኪመጣ አልደውልላትም። እሷም በደንቡ መሠረት አትደውልም። ስለዚህ የምሰማው ሁሉ በእርስዎ በኩል ነው።

ራሴ እንዳልመጣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬ ገና እየታየ ነው። ፈቃዱ ሳይወጣ ከአገሩ ብወጣ ፋይሉ ይዘጋል፤ አራት ዓመቴን ውሃ በላው ማለት ነው።

አክባሪዎ ቦዔዝ


አሶሳ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቦዔዝ፤ ያለህበት

ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር መወደድን ይስጥህ። ጠጂቱ ግጥም አድርገህ ሳምልኝ ብላለች። እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

ስለ ሐዊ የጻፍከውን አንብቤ ደስ ብሎኛል። ጠጂቱ ግን አልተገረመችም፤ «መሳቢያው ሙሉ ነው፣ እስከ ዛሬ እየዋጥነው አይደል» አለች።

ሽማግሌዎቹን በደንቡ መረጥኩ። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ጂራታ ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤቴ ማህጁብ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከኩርሙክ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረ ነጋዴ በመሆኑ አቶ ለሜሳ ያከብሩታል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጥቅምት 16 ቀን ጠዋት ነጯን ዲኤክስ መኪናህን አውጥቼ በሩ ላይ አቆምኳት። ጋቢና የትልቅ ሰው ቦታ ነውና ለአቶ ጂራታ በሩን ከውስጥ ከፈትኩላቸው። ሻምበል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በእግራቸው ሥር ሾልኮ ገባና ተቀመጠ። ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ጉዞ እስኪጀመር ይጠብቅ ጀመር።

ተቆጣሁት፤ ወደ ሌላ በኩል አየ። ጠጂቱ ሥጋ ያለበት አጥንት አምጥታ አሳየችው፤ አጥንቱን በመስኮት ተቀብሎ እዚያው ተቀምጦ በላው። አቶ ጂራታ «ግድ የለም፣ እኔ ኋላ እሆናለሁ» አሉ። እኔ ግን ሽማግሌ ኋላ፣ ውሻ ጋቢና አስቀምጬ ልጅ ልጠይቅ አልሄድም አልኩ። ማህጁብ አንገቱን ይዞ ሊጎትተው ሲሞክር ሻምበል ወደ ሹፌሩ ወንበር ተሻገረና ሁለት እግሩን መሪው ላይ ጫነ። ክላክሱ ጮኸ። ያቺን መኪና ታውቃታለህ፣ ክላክሷ አንዴ ከያዘ አይለቅም። እኔ እንኳ ሰማሁት።

የማዶዋ ዐፊፋ ከቤቷ ወጣች። ሦስት ሽማግሌ ሙሉ ልብስ ለብሶ ክላክስ ከሚነፋ ነጭ መኪና አጠገብ ቆሞ ስታይ ሠርግ ነው ብላ እልል አለች። ጎረቤቱ ተቀበላት። በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ባጃጆችም ከኋላችን ተሰለፉና ክላክሳቸውን ያምባርቁት ጀመር። ማህጁብ ላቡን እየጠረገ አማርኛውን ከአረብኛ እያደባለቀ «ያ ቀጄላ፣ ይሄ ውሻ ሠርጉን ጨርሷል። እኛ አሁን ለምን ይሄዳል?» አለኝ።

ልጅቷ ሳትጠየቅ እልልታው መቅደሙ ነውር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ለሌላ ቀጠሮ ተዛውሯል። ፈቃድህ መቼ እንደሚወጣ ቀኑን ጻፍልኝ።

አጎትህ ቀጄላ


ብሬመን
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ቀጄላ

እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጆሮዎንም ይመልስልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ተነሥታ ቦታ ቀየረች።

እዚህም የሻምበል ዘመዶች አሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ትልቅ ነጭ ውሻዋን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ማጠቢያው ማሽን ገባች። ብሩሹ መዞር ሲጀምር ውሻው የመስኮቱን ቁልፍ በመዳፉ ተጫነ፤ መስኮቱ እስከ ታች ወረደ። እኛ ማሽኑን እስክናቆመው ሳሙናውም ውሃውም ገብቶላቸዋል። ሲወጡ ሴትዮዋ ፀጉሯ ላይ አረፋ ተቆልሎ መሪዋን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ውሻው ግን ድገሙን የሚል ይመስል ጅራቱን ይወዘውዛል። ወንበሮቹን ለማድረቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ፈቃዱ ገና ነው። የሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ጉዞ መቼ ነው? እልልታው ባምባሲ ቢሰማም ቶሎ መሄዱ ይሻላል እላለሁ። አደራ፣ አጎቴ፣ ሌሎች እንዳይቀድሙን።

ቦዔዝ


አሶሳ
ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦዔዝ

ልደቱ ቀርቧልና እንኳን አደረሰህ። የሰላም አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። ጠጂቱ ደህና ናት፤ ትንሽ ተቆጥታለች እንጂ አላመማትም።

ታኅሣሥ 19 ቀን እንደገና ተነሣን። ሻምበልን ግቢ ውስጥ አስረነው ነበር፤ ገመዱን ቆርጥሞ ከተማው ጫፍ ላይ ደረሰብን። ማህጁብ አዘነለትና ከኋላ ጫነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ሞተሩ አንዴ ከጠፋ በግፊ ካልሆነ ስለማይነሣ ሳላጠፋው ወረድኩ፤ ሌሎቹም ወረዱ። ሦስቱ በሮች ከውጭ መከፈት ከተዉ ቆይተዋል፣ የቀረን የሹፌሩ በር ብቻ ነው። ሻምበል እኛን ለማየት በኋላ እግሩ ቆመና የፊት እግሩን በበሩ መቆለፊያ ላይ አሳረፈ። ቀጭ አለ።

እንግዲህ መኪናዋ እየሠራች፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ እሱ ውስጥ፣ እኛ ሦስት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ፀሐይ ላይ ነን። ሻምበል መጀመሪያ የማህጁብን ተምር አገኘ። ቀጥሎ የአቶ ጂራታን ባርኔጣ ያዘ። መጥረጊያውንም በምን እንደነካው አላውቅም፣ በደረቅ ቀን መስታወቱን ይጠርግ ጀመር። አቶ ጂራታ ጸለዩ። ማህጁብ በአማርኛ ለመነው፣ በገዛ ቋንቋው ሰደበው፤ በመጨረሻ በአረብኛ ሲናገረው ሻምበል ጆሮውን አቁሞ አዳመጠና ወደ ተምሩ ተመለሰ። ማህጁብ «አረብኛ ይገባዋል፣ ወላሂ። መታዘዝ ነው የማይፈልገው» አለ።

ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ረዳት በሽቦ ከፈተልን። ቀኑ ተጋምሷል። ሽማግሌ ደግሞ በጠዋት እንጂ ከሰዓት በኋላ ሰው ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ተመለስን።

ፈቃድህስ? ቢሮው ድረስ ሄደህ ጠይቃቸው። አንዴ ጠይቀህ ዝም አትበል፣ ደጋግመህ ጠይቅ።

አጎትህ ቀጄላ


ብሬመን
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ቀጄላ

ጤናና ሰላም ለእርስዎና ለአክስቴ ይሁን።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ። በሁለተኛው ቆጠርኩ። ሻምበል አራት ጊዜ ተጠርቷል፤ ሐዊ አንድ ጊዜም አልተጠራችም። አክስቴ ለምን እንደተቆጣችም አልነገሩኝም።

ባምባሲ ከአሶሳ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሽማግሌ ከላክሁ አራት ወር ሆነኝ። አቶ ለሜሳን አግኝተዋቸዋል ወይስ አላገኟቸውም? ልጅቷ ሌላ ሰው ካላት ይንገሩኝ፤ እኔ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ይህንን መጠበቅ ነው። የሰው መኪና እየጠረግሁ ሐሳቤ ባምባሲ ነው፤ ትናንት አንዱን ወንበር ሁለት ጊዜ አጥቤ አለቃዬ ሳቀብኝ።

ቦዔዝ


አሶሳ
የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦዔዝ

እግዚአብሔር ልብህን ያሳርፍልህ። ሐዊ ሌላ ሰው የላትም። ይህንን በእርግጠኝነት እጽፍልሃለሁ፣ ከዚህ በላይ አትጨነቅ።

ባለፈው ሳምንት ባምባሲ ደርሰን ነበር። ከገበያው በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ መኪናዋን አቁሜ ማህጁብ ውሃ ሊገዛ፣ አቶ ጂራታ ከረባታቸውን ሊያስተካክሉ ወረድን። ሻምበል ውስጥ ቀረ። የእጅ ፍሬኑን ነካው መሰለኝ፣ መኪናዋ መንከባለል ጀመረች። ስንጮህ ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። ሁለት እግሩን መሪው ላይ አድርጎ እንደ ትልቅ ባለሥልጣን ገበያውን ከሁለት ከፈለው። ሰው በግራና በቀኝ ገለል አለለት። የአንዲት ሴት የሽንብራ ኬሻ ሳይነካ አልፎ የጭድ ክምር ውስጥ ገባና ቆመ።

ኡመር የሚባል ትራፊክ ደብተሩን አውጥቶ «ሹፌሩ ማን ነው?» ሲል ገበያተኛው በሙሉ ሻምበልን ጠቆመ። ኡመር ሻምበልን አየ፣ እኔን አየና «አባባ፣ ቢያንስ መስመሩን ጠብቆ ነው የነዳው» ብሎ ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እስከ ማታ የሚስቅብንን ሕዝብ አስከትለን አቶ ለሜሳ ቤት መግባት አልቻልንም።

ከሁሉ በፊት ግን የፈቃድህን ነገር ንገረኝ። ወር ነው የቀረው ወይስ ዓመት? ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ፤ የቀረውን እኔ አስተካክለዋለሁ።

አጎትህ ቀጄላ


ብሬመን
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ቀጄላ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይህኛው አላሳቀኝም። በየደብዳቤው ስለ ፈቃዴ ይጠይቁኛል፤ እኔ ስለጠየቅሁት ግን መልስ የለም። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ፦ እርስዎ ስለ ሐዊ የነገሩኝ ቀን እኔም ስለ ፈቃዱ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ድረስ ዝም ነው።

ስለ ውሻው ሌላ ወሬ አይላኩልኝ።

ቦዔዝ


አሶሳ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቦዔዝ

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። ጠጂቱ ከፋሲካ ጀምሮ አታናግረኝም። ለእኔ ጆሮ ለውጡ ብዙ አይደለም፤ ፊቷን ግን ማየት አቅቶኛል። ዛሬ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። ስለዚህ እንደ ምስክር ቃሌን እሰጣለሁ።

ጥቅምት 16 ቀን፣ ከእልልታው በኋላ፣ አልቀረንም። ሻምበልን ቤት ዘጋንበትና ባምባሲ ሄድን። አቶ ለሜሳ በክብር ተቀበሉን። ጉዳያችንን ከሰሙ በኋላ ሐዊን አስጠሩና መልሱ የእሷ ነው አሉ። ስለ ፈቃድህም አስረዳኋት። ቆማ አዳመጠችኝና እንዲህ አለች፦ «ሁለት ዓመት መድኃኒት ሲገዛኝ አንድ ቀን የልቡን አልነገረኝም። አሁን ደግሞ በሰው ላከ። እስከ ፋሲካ ስድስት ወር አለው፤ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ። ከመጣ እሺ እለዋለሁ። ካልመጣ ግን እንደማይፈልገኝ እቆጥረዋለሁ።» አቶ ለሜሳ «ይህንን ቃል ታደርሱልናላችሁ?» አሉን። እኔ በሦስታችንም ስም አደርሳለሁ ብዬ ወጣሁ። እስከ መኪናዋ ድረስ ሸኙን።

አላደረስኩም። ጠጂቱ ንገረው እያለች የተቆጣችው በዚህ ነው። ብነግርህ በነጋታው እንደምትነሣ አውቃለሁ። እናትህ የታመመች ጊዜ ሥራህን ትተህ ከግልገል በለስ ጭነት ላይ ተንጠልጥለህ የመጣህ ልጅ ነህ። ብትመጣ ፋይልህ ይዘጋል፣ አራት ዓመትህ ይቀልጣል፣ እኔ ደግሞ ለእህቴ ምን እላታለሁ ብዬ ፈራሁ። ፈቃዱ ከፋሲካ በፊት ከወጣ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር በየደብዳቤው የጠየቅሁህ። አቶ ጂራታና ማህጁብ የልጅቷን ቃል እንዳደረስኩልህ ነው የሚያውቁት። የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ፋሲካ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ፈቃዱ ቢወጣ ኖሮ በደስታ ይጽፍልኝ ነበር ብዬ ዝም አልኩ።

መዝገቡም ይስተካከል። ሻምበል በሦስት ጥፋት በእኔ ተከሷል። የክላክሱን ፈጽሟል። በሩን መቆለፉም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ቀን ከማህጁብና ከአቶ ጂራታ ጋር ለቅሶ ለመድረስ ነበር የምንሄደው። የእጅ ፍሬኑን በተመለከተ ነፃ ነው። ጠጂቱን ገበያ ይዤ ሄጄ ፍሬኑን መያዝ የረሳሁት እኔ ነኝ።

ተቀየመኝ። መብትህ ነው።

ቀጄላ


ብሬመን
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎት መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ፈቃዱ የወጣው መጋቢት 22 ቀን ነው። የመጨረሻውን ደብዳቤ ስጽፍልዎት ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ነበር። ያልነገርኩዎት ዝምታዎን በዝምታ ልመልስልዎ ብዬ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ቀን አይፈጅም ነበር። በእርስዎ ስንት ቀን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በራሴ የተናደድኩት ግን ይበልጣል።

ከትናንት ወዲያ ሐዊ ጋ ደወልኩ። ከነቀምት የሌላ ሰው ሽማግሌ እንደመጣላቸውና አባቷ ለሐምሌ 12 ቀን እንደቀጠሩላቸው ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ፈቃድህ መቼ ወጣ?»

«መጋቢት 22።»

«ከፋሲካ በፊት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ቀረህ?»

አጎቴ ቃልሽን አላደረሱልኝም ማለት እችል ነበር። እንዲህ ካልኩ ግን እርስዎ ለአቶ ለሜሳ በገቡት ቃል የዋሹ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ አቶ ጂራታና አቶ ማህጁብም አብረው ይሰደባሉ። በዚህ ዕድሜዎ ሰው ቤት ሲገቡ ጎንበስ ብለው እንዲገቡ አልፈልግም። ስለዚህ «ፈራሁ» አልኳት። እሺ፣ ደህና ሁን ብላ ዘጋችው።

አቶ ለሜሳ ከጠየቁዎት እርስዎም ፈርቶ ነው የቀረው ይበሉ። ቃላችን አንድ ይሁን። ለፈቃዴ ሲሉ እንዳደረጉት ገብቶኛል። አሞኛል፣ ግን ገብቶኛል።

ቦዔዝ


አሶሳ
ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለቦዔዝ

ደብዳቤህን ጠጂቱ ፊት አነበብኩት። ሳለቅስ አይታኝ አታውቅም ነበር፤ አየችኝ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ባምባሲ ሄድኩ። አቶ ለሜሳ ገና ቁርስ ላይ ነበሩ። አልቀመጥም ብዬ ቆሜ ተናገርኩ። ልጅቷ ያለችውን አንድም ቃል እንዳላደረስኩልህ፣ አቶ ጂራታና ማህጁብ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ፣ ፈራሁ ያልካትም እኔን ላለማዋረድ ብለህ እንደሆነ ነገርኳቸው። በፍርድ ቤት ስንት ሰው ሲያምን ቃሉን መዝግቤያለሁ፣ የራሴን ስሰጥ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ ለሜሳ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። «አቶ ቀጄላ፣ ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። እስከ መኪናዋ አልሸኙኝም። ከአሁን በኋላ ያ ቤት ለእኔ ዝግ ነው፤ ይገባኛል።

ሐዊ ግን በሩ ላይ ደረሰችብኝ። ጆሮዬን ስለምታውቅ ቀርባ ነው የተናገረችኝ።

«ፈራሁ ያለኝ ውሸቱን ነው?»

«ውሸቱን ነው፣ ልጄ። ለእኔ ስም ብሎ ነው።»

«ለእርስዎ ስም ብሎ እኔን ተወኝ ማለት ነዋ?» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ በጣም ተቆጥታለች። ልትመለስ ዞረችና ደግማ መጣች። «እሱ ፊቴ ቆሞ ይመልስልኝ። በስልክ አልሰማውም፣ በሰውም አልሰማውም። የነቀምት ሰዎች ሐምሌ 12 ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እኔም የለሁም ይበሉት።»

እሺ ትልህ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጨምርበትም። የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው፤ በዚህችው ሰዓት አማል ሱቅ ቆሜ እያስላክሁት ነው። ትኬትህን ቁረጥ።

ቀጄላ